ግማሹ ለምን ይሞታል? የጁሙዓ ትምህርት ስለ ነርቭ ሴሎች፣ ስለ ማህፀንና ስለ ዝምድና



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። 

ሰሞኑን ባዮሎጂ የሚማር አንድ ወንድማችን በውስጥ መስመር ጥያቄ ላከልኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ «ኡስታዝ፣ በፅንስ ውስጥ ከሚፈጠሩት የነርቭ ሴሎች በብዙ ቦታ ግማሽ ያህሉ ልጁ ሳይወለድ ይሞታሉ ተብለን ተማርን። አላህ ሁሉን በጥበብ ፈጠረ እንላለን። ታዲያ ግማሹ የሚሞት ከሆነ ለምን ይፈጠራል? አንድ ትልቅ ሰው ብጠይቅ ‹ወስዋስ ነው፣ አዑዙ ቢላህ በልና ተወው› አለኝ። እኔ ግን ልተወው አልቻልኩም።»

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ወስዋስ አይደለም። ነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ጌታቸው ሙታንን እንዴት ሕያው እንደሚያደርግ እንዲያሳያቸው ጠይቀዋል። የጠየቁትም ስላላመኑ ሳይሆን ልባቸው እንዲረጋ ነው (አል-በቀራህ 2፥260)። የተሰጣቸው ምላሽ ደግሞ ቁጣ አልነበረም፤ እንዲያዩ ነው የተደረገው። እኛ ወጣቱን «አትጠይቅ» ብለን ብናባርረው ጥያቄው አብሮት ይሄዳል፤ መልሱን ከኛ ርቆ ይፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ ረጋ ብለን አብረን እንማረው።

1. ስንቁ ያለው መድረሻው ላይ ነው

የነርቭ ሴል ከሌሎች ሴሎች የሚለየው አንድ ነገር አለ። ከአካሉ ረጅም ክር ያወጣል። አክሰን ይባላል። የእግር ጣታችሁን መርፌ ቢወጋው ስሜቱን የሚወስደው ሴል አካሉ ያለው ታች ወገብ አካባቢ፣ ከአከርካሪ አጥንት ጎን ነው። ክሩ ግን እስከ ጣታችሁ ይደርሳል። በአዋቂ ሰው ላይ ይህ አንድ ክር አንድ ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል። የሴሉ አካል ግን በጣም ትንሽ ነው፤ ለማየት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ሱብሓነላህ!

ይህ ክር የተዘረጋው በማህፀን ውስጥ ነው። ፅንሱ ገና ትንሽ ሳለ የክሩ ጫፍ በሥጋው መካከል መንገዱን እየዳሰሰ ይሄዳል። የሚመሩትና የሚመልሱት ምልክቶች መንገዱ ላይ ተቀምጠውለታል። አንዱ ወደ ቆዳ፣ አንዱ ወደ ጡንቻ፣ አንዱ ወደ ልብ፣ አንዱ ወደ ዕጢ ይጓዛል።

መንገደኛ ሲነሳ ስንቅ ይዞ ነው የሚነሳው። የነርቭ ሴል ስንቅ ግን ያለው መነሻው ላይ አይደለም። መድረሻው ላይ ነው። የሚደርስበት አካል፣ ለምሳሌ ቆዳው፣ በጣም ጥቂት መጠን ያለው ፕሮቲን ያመነጫል። ክሩ ደርሶ ያን ፕሮቲን ካገኘ ሴሉ ይኖራል። ካልደረሰ ወይም ደርሶ በቂ ካላገኘ ሴሉ ራሱን አፍርሶ ይጠፋል። እነዚህ ፕሮቲኖች በጥቅሉ የነርቭ ዕድገት ፋክተሮች ይባላሉ። ፋክተር የሚለው ቃል አይክበዳችሁ፤ እዚህ ላይ ሴልን «ኑር፣ እደግ፣ ተቀጥል» የሚል መልእክት የሚያደርስ ፕሮቲን ማለት ነው።

2. ይህ እንዴት ታወቀ?

እ.ኤ.አ. በ1934 ቪክቶር ሃምበርገር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ ሆኖ አንድ ሙከራ አሳተመ። ዕንቁላል ውስጥ ካለ የጫጩት ሽል ላይ ክንፍ ሊሆን የነበረውን ቡቃያ ቆርጦ አወጣ። ከዚያ ያን ክንፍ ሊያገለግሉ የነበሩት የነርቭ ሴሎች ቁጥራቸው በጣም አንሶ አገኘው። እሱም «ክንፉ ስለሌለ ሴሎቹ ነርቭ እንዲሆኑ የሚያደርጋቸው ምልክት ቀርቶባቸው ነው፤ ከመጀመሪያውም አልተፈጠሩም» ብሎ ተረዳው።

ይህን ጽሑፍ ያነበበች አንዲት ጣሊያናዊት ሐኪም ነበረች፤ ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ትባላለች። በ1909 ቶሪኖ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። በ1938 የሙሶሊኒ መንግሥት የዘር ሕግ አወጣና አይሁዶችን ከዩኒቨርሲቲና ከመንግሥት ሥራ አባረረ። ያ መንግሥት ለኛ እንግዳ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1935፣ ሀገራችንን የወረረው፣ ሕዝባችንን በመርዝ ጋዝ የፈጀው እሱው ነው። ሰውን በዘሩ የሚመዝን ሥርዓት ውጭ ባለው ሰው ላይ ጀምሮ ጎረቤቱ ጋ እንደሚደርስ ልብ በሉ።

ሪታ ከላቦራቶሪ ስትባረር መኝታ ክፍሏን ላቦራቶሪ አደረገችው። የልብስ ስፌት መርፌ ስላ የቀዶ ጥገና መሣሪያ ሠራች። የሚያስፈልጋት የጫጩት ዕንቁላል ብቻ ነበር። ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ዕንቁላሎቿንና ማይክሮስኮፗን ይዛ ወደ ገጠር ሄደች፤ እዚያም ቀጠለች። የሃምበርገርን ሙከራ ደግማ፣ ሴሎቹን በየቀኑ እየቆጠረች ተከታተለች። ያገኘችው ነገር ከእሱ ግንዛቤ የተለየ ነበር። ሴሎቹ ተፈጥረዋል። ክራቸውንም ዘርግተዋል። የሚሄዱበት አካል ስለሌለ ነው የሞቱት።

ጦርነቱ አልቆ በ1947 ሃምበርገር ራሱ ወደ አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ጋበዛት። ለጥቂት ወራት ብላ ሄዳ ሠላሳ ዓመት ያህል እዚያው ሠራች። ሃምበርገርም የእሷ ማብራሪያ ትክክል መሆኑን ተቀበለ። ወገኖቼ፣ ይህን ዕለፉት አትበሉ። የራሱን ግንዛቤ የምታርም ሴት ስትመጣ በር ከፍቶ አስገባት እንጂ አልተጣላትም። በዒልም መንገድ ላይ ያለ ሰው ከዚህ አደብ ይማር።

ቀጥሎ «ታዲያ ከመድረሻው አካል የሚመጣው ነገር ምንድን ነው?» የሚለው ተፈለገ። አንድ የአይጥ ዕጢ ወደ ጫጩት ሽል ሲገባ ነርቮች በብዛት ወደ እሱ እንደሚያድጉ ታየ። ሪታ ዕጢው ያለባቸውን አይጦች ይዛ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ድረስ ሄዳ፣ የዕጢውን ቁራጭ በብርጭቆ ውስጥ ከነርቭ ሴሎች አጠገብ አስቀመጠችው። በአንድ ቀን ውስጥ የነርቮቹ ክሮች እንደ ፀሐይ ጨረር በየአቅጣጫው ፈነጠቁ። ከዕጢው የሚፈስ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ያን ነገር ነጥሎ ለማውጣት በ1953 ስታንሊ ኮኸን የተባለ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ ተቀላቀላት። ኮኸን ኒውክሊክ አሲድን እንዲሰባብርለት ብሎ የእባብ መርዝ ጨመረበት። ነርቮቹ ግን ከበፊቱ የበለጠ አደጉ! የእባቡ መርዝ ራሱ የሚፈለገውን ፕሮቲን ከዕጢው በብዙ እጥፍ የያዘ ሆኖ ተገኘ። መርዝ የሚመነጨው ከምራቅ ዕጢ ጋር ከሚመሳሰል ዕጢ ስለሆነ የአይጥ ምራቅ ዕጢ ተፈተሸ፤ እዚያም በብዛት ተገኘ። ፕሮቲኑ የነርቭ ዕድገት ፋክተር፣ በአጭሩ ኤንጂኤፍ ተባለ። በ1971 ሙሉ ቅደም ተከተሉ ሲነበብ ከ118 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ሰንሰለት ሆነ። በ1986 ሪታና ኮኸን የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሪታ በ2012 በ103 ዓመቷ አረፈች፤ በሕይወት ሳለች የአፍሪካ ሴቶች እንዲማሩ የሚረዳ ፋውንዴሽን ከመንትያ እህቷ ጋር አቋቁማ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ «ኡስታዝ ለምን የአይሁድ ልጅ ታሪክ ያወራልናል?» ትሉ ይሆናል። አላህ በሱረቱል ማኢዳህ (5፥8) ለሕዝብ ያለን ስሜት ከፍትሕ እንዳያወጣን አዞናል። የሠራን ሰው ሥራውን በስሙ መጥራት የፍትሕ ትንሹ ደረጃ ነው።

3. መልእክቱ እንዴት ይደርሳል?

ክሩ ጫፍ ላይ ተቀባይ ፕሮቲኖች አሉ። ቁልፍ ለቁልፍ ቀዳዳው እንደሚገጥም ኤንጂኤፍ ለራሱ ተቀባይ ይገጥማል። ከገጠመ በኋላ ሁለቱ አንድ ላይ በትንሽ ከረጢት ተጠቅልለው ወደ ክሩ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ከረጢቱ በክሩ ውስጥ በተዘረጋ ሐዲድ መሰል መስመር ላይ እየተጎተተ ወደ ሴሉ አካል ይጓዛል። ጫፍ ላይ የተገኘው ዜና እስከ ኒውክለሱ ይደርሳል። «ደርሰናል፤ ተቀብለውናል፤ ኑር» እንደ ማለት ነው።

ዜናው ካልመጣስ? በ1988 የተሠራ ሙከራ አንድ አስገራሚ ነገር አሳየ። ኤንጂኤፍ የተነፈጉ ሴሎች አዲስ ፕሮቲን እንዳይሠሩ ሲደረጉ መሞታቸውን አቆሙ። ይህም ማለት ሴሉ የሚሞተው እንደተራበ ሰው አቅም አጥቶ አይደለም። ራሱን የሚያፈርስበት ሥርዓት ውስጡ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ የዕድገት ፋክተሩ ሥራ ያን ሥርዓት ዝም ማሰኘት ነው። ዝም የሚያሰኘው ከጠፋ ሴሉ በሥርዓት ይፈርሳል፤ ቁርጥራጩን ጎረቤት ሴሎች ይወስዱታል። ቁስል የለም፤ መግል የለም። የእጅ ጣቶቻችሁም የተለያዩት እንዲሁ ነው። በማህፀን ሳላችሁ በጣቶቻችሁ መካከል ሥጋ ነበረ፤ ሴሎቹ በዚሁ መንገድ ስለሄዱ ዛሬ እስክሪብቶ ትይዛላችሁ፣ ተስቢሕ ትቆጥራላችሁ።

4. አንጎል ውስጥስ?

እስካሁን የተናገርነው ከአንጎል ውጭ ስላሉ ነርቮች ነው። በ1982 ደግሞ ኢቭ-አላን ባርድ፣ ሃንስ ቶነንና ባልደረባቸው ከአሳማ አንጎል ሌላ የዚሁ ቤተሰብ ፕሮቲን አወጡ። ቢዲኤንኤፍ ይባላል፤ ከአንጎል የተገኘ የነርቭ ዕድገት ፋክተር ማለት ነው። ከዚያም ሌሎች ወንድሞቹ ተገኙ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ነገር አለ። ቢዲኤንኤፍ እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ላይ እንደታየው፣ አብዛኞቹ የአንጎል ሴሎች ለመኖር በዚህ አንድ ፕሮቲን ላይ ብቻ የተንጠለጠሉ አይደሉም። በአንጎል ውስጥ ዋና ሥራው ማያያዝ ነው። የሴሉ ቅርንጫፎች እንዲበዙ፣ በሁለት ሴሎች መካከል ያለው መገናኛ እንዲጠነክር ይረዳል። አብረው የሚሠሩ ሴሎች መገናኛቸው ይጸናል፤ ሥራ የፈታው መገናኛ ይሳሳል፣ ይጠፋል። በአዋቂ ሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል ነርቮች አሉ። ልጅን ከልጅ የሚለየው ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ በመካከላቸው የተዘረጋው መረብ ነው። ያ መረብ ከተወለድን በኋላም በሰማነው፣ ባየነው፣ በደጋገምነው ነገር ይሠራል።

በሱረቱ-ነሕል (16፥78) አላህ ከእናቶቻችን ሆድ ምንም ሳናውቅ እንዳወጣን፣ መስሚያን፣ ማያዎችንና ልቦችንም እንዳደረገልን ነግሮናል፤ ምክንያቱም እንድናመሰግን ነው። ባዶ ወጥተን በመስማትና በማየት እንሞላለን። ስለዚህ ሕፃን ፊት የምንናገረው ቃል፣ የምንቀራው ቁርኣን፣ የምንጮኸውም ጩኸት ቀላል ነገር አይደለም።

5. ኤንጂኤፍ ሰሚ ሲያጣ

አንዳንድ ልጆች የኤንጂኤፍን ተቀባይ በሚሠራው ጂን ላይ እንከን ይዘው ይወለዳሉ። በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። ፕሮቲኑ አለ፤ የሚሰማው ተቀባይ ግን አይሠራም። ስለዚህ ሕመምንና ሙቀትን የሚያደርሱት ነርቮች በፅንስነት ጊዜ ይሞታሉ። ልጁ ሕመም አይሰማውም። ላብም አያልበውም።

«ሕመም አለመሰማት መታደል ነው» የሚል ካለ የእነዚህን ልጆች እናቶች ይጠይቅ። ልጁ ጥርስ ሲያበቅል ምላሱን ይነክሳል፤ አያውቀውም። እጁን እሳት ላይ ያሳርፋል፤ አያነሳውም። አጥንቱ ተሰብሮ ይራመድበታል። ስለማያልበው ትኩሳቱ ለሕይወቱ ያሰጋዋል። እኛ ራሳችንን ባመመን ቁጥር የምናማርረው ነገር ጠባቂያችን ኖሯል። ዛሬ ጥርሳችሁን ያመማችሁ ካላችሁ መድኃኒት ውሰዱ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ግን «አልሐምዱሊላህ፣ የሚያስጠነቅቀኝ ነርቭ በማህፀን ሳለሁ ተጠብቆልኛል» በሉ።

ዕውቀቱ ለመድኃኒትም ደርሷል። የዓይን ብሌን ነርቭ ተጎድቶ ቁስሉ አልድን ላላቸው ሕሙማን ከኤንጂኤፍ የተሠራ የዓይን ጠብታ በ2018 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል። በመኝታ ክፍል ውስጥ በስፌት መርፌ የተጀመረ ሥራ የሰው ዓይን ላይ ደረሰ።

6. ወደ ጥያቄው እንመለስ፦ ግማሹ ለምን ይሞታል?

በመጀመሪያ፣ ብክነት የሚመስለው ቁጥሩን ብቻ ስናይ ነው። አስቡት፤ አንድ እግር ስንት ነርቭ ያስፈልገዋል? እንደ እግሩ መጠን ነው። ትክክለኛው ቁጥር አስቀድሞ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ቢሰጥ እግሩ ትንሽ ቢተልቅ ወይም ቢያንስ ነርቭና ጡንቻ አይመጣጠኑም ነበር። አሁን ግን ነርቮቹ ተርፈው ይፈጠራሉ፤ አካሉ በሚሰጠው ፕሮቲን ልክ የሚበቃው ይቀራል። ይህን ሃምበርገርና አንዲት ባልደረባው በ1976 አሳይተዋል። ለጫጩቷ ሽል ተጨማሪ እግር ሲተከልላት ሊሞቱ ከነበሩት ነርቮች ከፊሎቹ ተረፉ። ሚዛኑ ያለው መድረሻው ላይ ነው። መንገድ ስቶ የማይሆን ቦታ የደረሰ ክርም በዚሁ ይታረማል።

ሁለተኛ፣ ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ሱረቱል ከህፍን ቀርታችኋል ወይም ትቀራላችሁ። ሙሳ (ዐ.ሰ) ከዚያ ዕውቀት ከተሰጠው ባሪያ ጋር መርከብ ላይ ሲሳፈሩ ባሪያው መርከቡን ቀደደው። ሙሳ (ዐ.ሰ) ነቢይ ሆነው ያዩት ጉዳቱን ነበር። ኋላ ግን ከፊት ደህና መርከብን ሁሉ የሚቀማ ንጉሥ እንዳለ፣ ቀዳዳው መርከቡን እንዳዳነው ተነገራቸው። ይህ ምሳሌ ነው፤ ስለ ነርቭ የተነገረ ነው አላልኩም። የሚያስተምረን ግን አንድ ነገር አለ። «ጥበቡን አላየሁም» ማለትና «ጥበብ የለውም» ማለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የባሪያ ልክ ነው። ሁለተኛው ከልክ ማለፍ ነው።

ሦስተኛ፣ ይህን ትምህርት ወደ ሰው አታዙሩት። «ጠንካራው ይቀራል፣ ደካማው ይወገዳል» የሚል ሕግ ለሰው ልጅ የለም። ሴል ሴል ነው። የአደም ልጅ ግን አላህ ያከበረው ፍጡር ነው (አል-ኢስራእ 17፥70)። ሪታን ከዩኒቨርሲቲ ያባረሩት ሰዎች የሰውን ዋጋ በዘር መዝነው ነበር። ዛሬም የነርቭ ወይም የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለበት ልጅ የወለደችን እናት «ምን አድርገሽ ነው?» የሚል ሰው በመካከላችን አለ። ይህ በደል ነው። የአንድ ጂን እንከን የእናት ወንጀል አይደለም። እንዲህ ያለ ልጅ ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ካለ ከሰው አትደብቁት። ወደ ሐኪም አድርሱት፤ መስጂድም ይምጣ፤ በዒድም አዲስ ልብስ ይልበስ።

7. አንድ ማሳሰቢያ

ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ «ቁርኣን ከ1400 ዓመት በፊት ኤንጂኤፍን ተናግሯል» ብላችሁ እንዳትለጥፉ አደራ። አላህ በሱረቱ-ዙመር (39፥6) በእናቶቻችን ሆድ ውስጥ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ሁኔታ እያሸጋገረ፣ በሦስት ጨለማዎች ውስጥ እንደሚፈጥረን ተናግሯል። ሙፈሲሮች ሦስቱን የሆድ፣ የማህፀንና የእንግዴ ልጅ ጨለማ ብለው አብራርተዋል። ይህ ለሚያስተነትን ሰው በቂ ነው። የፕሮቲን ስም አይጨመርበትም።

ምክንያቱን ከታሪኩ ራሱ አይታችኋል። በ1934 ሃምበርገር «ሴሎቹ አልተፈጠሩም» ብሎ ተረዳ። አንድ ሰው ያኔ ይህን ግንዛቤ ከአንድ አንቀጽ ጋር አስሮ «ተአምር!» ቢል ኖሮ፣ ሪታ «ተፈጥረው ነው የሞቱት» ስትል አንቀጹን ሊፈታ ነበር? የሰው ዕውቀት ይታረማል። የአላህ ቃል ለሚታረም ነገር ማሰሪያ አይሆንም። ቁርኣን ወደ ራሳችን እንድንመለከት ያዘናል (አዝ-ዛሪያት 51፥21)፤ እኛ እንመለከታለን፣ እንማራለን፣ እንሰግዳለን።

8. ምን እናድርግ?

ሀ) ለምታገቡና ላገባችሁ። የፅንሱ የነርቭ ቱቦ፣ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው፣ ተዘግቶ የሚያልቀው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ነው። ብዙ ሴቶች በዚያ ጊዜ ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ስለዚህ ለማርገዝ የምታስብ ሴት ከእርግዝና በፊት ጀምራ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ ሐኪሞች ይመክራሉ። ይህም የቱቦው ክፍተት የሚያመጣውን ጉዳት በብዙ ይቀንሳል። ርካሽ ክኒን ናት። አዮዲን ያለው ጨው፣ የተመጣጠነ ምግብ፣ የጤና ጣቢያ ክትትል ተጨምሮበት። ባሎች ሆይ፣ ይህ «የሴቶች ጉዳይ» አይደለም። ለሠርግ አዳራሽ የምንጨነቀውን ያህል ለዚች ክኒን እንጨነቅ። ቤት ውስጥ ሲጋራ አታጭሱባት። ለራሷ ወይም ለፅንሷ የምትሰጋ ነፍሰ ጡር በረመዳን እንዳትጾም ሸሪዓ ሩኽሳ ሰጥቷታል፤ የአላህን ማግራራት እኛ አናክብድባት።

ለ) ለተማሪዎች። የሰውነት እንቅስቃሴ የአንጎልን ቢዲኤንኤፍ እንደሚጨምር በእንስሳት ላይ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ የተማርነው ነገር እንዲጸና ደግሞ እንቅልፍ ያስፈልጋል። ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ አድሮ ሱብሕን የሚያሳልፍ ሰው ዲኑንም ትምህርቱንም ይጎዳል። «ቢዲኤንኤፍ ይጨምራል» ተብሎ በኢንተርኔት የሚሸጥ ክኒን አትግዙ። ወደ መስጂድ በእግራችሁ ሂዱ፤ ሒፍዛችሁን በየቀኑ ድገሙ። የሚደጋገም መንገድ ይጸናል።

ሐ) ለሁላችንም። ማህፀን በዐረብኛ ረሒም ይባላል፤ ዝምድናም በዚሁ ቃል ይጠራል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ረሒም የሚለው ስም ከአር-ረሕማን ስም የወጣ መሆኑን፣ ዝምድናን የቀጠለ አላህ እንደሚቀጥለው፣ የቆረጠንም እንደሚቆርጠው አስተምረዋል። ሪዝቁ እንዲሰፋና ዕድሜው እንዲረዝም የሚሻም ዝምድናውን እንዲቀጥል መክረዋል። በማህፀን ውስጥ ሳለን እያንዳንዱ ነርቫችን የቀረው ክሩን ዘርግቶ ሌላውን በመንካቱ ነው። ብቻውን የተቀመጠ አልቀረም። ከዚያ ወጥተን «እኔ ማንንም አልፈልግም» ማለታችን ይገርማል!

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እውነተኛ ዝምድና ቀጣይ የተደረገለትን ብቻ የሚመልስ ሳይሆን ሲቆርጡትም የሚቀጥል መሆኑን ነግረውናል። ጅዳ ያላችሁ፣ ዱባይ ያላችሁ፣ እዚሁ ሆናችሁ በአንድ ታክሲ መንገድ ርቀት ላይ ያለችን አክስት ለዓመት ያላያችሁ፣ ዛሬ ከዐስር በፊት ስልክ አንሱ። ገንዘብ ከላካችሁ መልካም፤ ድምፃችሁን ግን አትንፈጉ። ከመካከላችን ደግሞ «ማንም አያስታውሰኝም» ብሎ ቤቱን የዘጋ ወጣት አለ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ አንድ ሰው ላይ እጃችሁን ዘርጉ። አንድ ጓደኛ፣ አንድ ኡስታዝ፣ አንድ ሐኪም። መዘርጋት ድክመት አይደለም። የተፈጠርነው እንዲያ ነው።

ለጠየቀኝ ወንድሜ ደግሞ ይህን እላለሁ። ግማሹ ለምን እንደሚሞት ከጠየቅህ አይቀር፣ ሌላኛው ግማሽ ለምን እንደሚቀርም ጠይቅ። መድረሻ ተዘጋጅቶለት፣ መንገድ ተመርቶለት፣ ስንቅ ተቀምጦለት ነው። ይህን ጥያቄህን የጻፍክበት ጣትህ፣ ያሰብክበት አንጎልህ ከቀሩት ነው። ትምህርትህን ቀጥል፤ ጥያቄህንም ቀጥል። ምናልባት ዒን ሻአላህ ሕመም የማይሰማቸውን እነዚያን ልጆች የሚረዳ ነገር ባንተ እጅ ይወጣል።

አላህ የሚጠቅመንን ዕውቀት ይስጠን፤ ባወቅነው የምንሠራ ያድርገን። በማህፀን ያሉትን ልጆቻችንን ሙሉ አድርጎ በሰላም ያውጣልን። በተለየ ሁኔታ የተወለዱትን ልጆችና ወላጆቻቸውን በእዝነቱ ይያዛቸው። የተቆረጠ ዝምድናችንን ይቀጥልልን። አሚን።

በዚህ በተባረከ ቀን በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማውረድ አትርሱ። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉ፤ ጥያቄ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ይህን አድርሱለት።

ወላሁ አዕለም።